እሳቱ፣ እስር ቤቱና የካሊፎርኒያ በጀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጃንዋሪ 2025 ፓሊሴድስና አልታዲና ሲቃጠሉ ሎስ አንጀለስ ያለን ሰዎች ስልካችን አላረፈም ነበር። "ደህና ናችሁ ወይ?" ከሚለው የዘመድ ጥሪ ቀጥሎ የመጣው "የእሳት አደጋን በጀት ቆርጠውት እኮ ነው" የሚል ወሬ ነው። ብዙዎቻችን አምነን ለሌላ ሰው አስተላለፍነው። የስቴቱን በጀት ቁጭ ብዬ ሳየው ግን የምናወራው ብዙ ነገር ልክ እንዳልሆነ ገባኝ። ጉዳዩ ቤታችንንም ታክሳችንንም የሚነካ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

"ስቴቱ የእሳት አደጋን በጀት ቆርጧል"

ግማሹ እውነት ነው። በ2024 የስቴቱ ካዝና ጎድሎ ስለነበር፣ ለደን እንክብካቤና ለሰደድ እሳት መከላከያ ከተያዘው የአንድ ጊዜ ገንዘብ 101 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተቀንሷል። ካል ፋየር የሚባለው የስቴቱ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ግን በ2019 ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ዓመታዊ በጀቱ ወደ 3.8 ቢሊዮን አድጓል። አንዱ "ተቆረጠ"፣ ሌላው "ጨመረ" ሲል ሁለቱም ከአንድ መዝገብ እያነበቡ ነው። ያዩት መስመር ግን ይለያያል።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ሰፈራችሁ ሲሪኑን እያሰማ የሚመጣው መኪና አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ወይም የካውንቲው ነው። ፖሊሱም እንደዚሁ። በጀታቸው የሚጸድቀው በስቴቱ ዋና ከተማ በሳክራሜንቶ ሳይሆን እዚሁ ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማም ለ2024-25 መጀመሪያ ያጸደቀው የእሳት አደጋ በጀት ከቀደመው ዓመት በ17.6 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ነበር። የሠራተኞቹ የደመወዝ ስምምነት ተጠናቆ ሲጨመርበት ግን ከቀደመው ዓመት በለጠ።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ "የአንድ ጊዜ ገንዘብ" የሚባለው ነው። ቁጥቋጦ የሚመነጠረው፣ የደረቀ ዛፍ የሚነሳው በብዛት በእሱ ነው። ካዝናው ሲጎድል ቀድሞ የሚነካውም እሱ ነው። ከተቃጠለ በኋላ ገንዘብ አይጠፋም። እሳቱ ጃንዋሪ 7 ተነሳ፣ ጃንዋሪ 23 ደግሞ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የአስቸኳይ እርዳታ ሕግ ተፈረመ። ከመቃጠሉ በፊት እንዲህ የሚቸኩል የለም።

"ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ያው ነው"

ያው አይደለም። የ2025ቱ በጀት 1 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን የካል ፋየር ወጪን ከጠቅላላው ካዝና አንስቶ ወደ ሌላ ቋት አዛወረ። ጠቅላላው ካዝና በዋናነት ከገቢና ከሽያጭ ታክስ ይሞላል። ሌላው ቋት ደግሞ ነዳጅ አጣሪዎች፣ ፋብሪካዎችና ኃይል ማመንጫዎች የብክለት ፈቃድ በጨረታ ሲገዙ የሚከፍሉት ነው። እነሱ የከፈሉትን ከፊሉን ቤንዚን ስንቀዳ እኛው እንተካላቸዋለን። ካል ፋየር አንድ ሳንቲም አልጎደለበትም። ግን ያ ቋት ለአውቶቡስ፣ ለርካሽ ቤቶችና ንጹሕ ውሃ ለሌላቸው ሰፈሮች ጭምር የታሰበ ነበር። እሳት አደጋ ሲገባበት እነዚህ ይጠባቸዋል። "ምንም አልተቆረጠም" ሲሏችሁ፣ "ከየትኛው ኪስ ወጣ?" በሉ።

"ፕሮፖዚሽን 4ን አጽድቀናል፣ 10 ቢሊዮኑ ተገኝቷል"

ፕሮፖዚሽን ማለት ለሕዝብ ድምፅ የሚቀርብ ሐሳብ ነው። በኖቬምበር 2024 ያጸደቅነው ደግሞ የ10 ቢሊዮን ዶላር ብድር ነው። ስቴቱ ቦንድ ሸጦ ይበደራል። ወለድ ጨምሮ በዓመት ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ለ40 ዓመት ይከፍላል ተብሎ ተገምቷል። 3.8 ቢሊዮኑ ለውሃ፣ 1.5 ቢሊዮኑ ለሰደድ እሳት መከላከያ ነው። ይህም ሆኖ ገንዘቡ የሚወጣው ሕግ አውጪው የስቴቱ ምክር ቤት በበጀት ሲፈቅደው ነው።

"በጀት አንድ ሕግ ነው፣ ገዥው ያወጣዋል"

ገዥው እስከ ጃንዋሪ 10 ሐሳቡን ያቀርባል፣ በሜይ አጋማሽ ያስተካክለዋል። ምክር ቤቱ እስከ ጁን 15 ማጽደቅ አለበት። ካልሆነ አባላቱ ለዘገዩበት ቀን ደመወዝ አያገኙም። ገዥው ሲፈርም አንድን መስመር መቀነስ ወይም መሰረዝ ይችላል። መጨመር ግን አይችልም።

ከዋናው በጀት ጀርባ ደግሞ እንግሊዝኛው "ትሬይለር ቢል" የሚላቸው ረቂቆች ይመጣሉ። እንደ ከባድ መኪና ተሳቢ ማለት ነው። በጀቱ የሚፈልገው የሕግ ለውጥ የሚገባው በእነሱ ነው። በተራ አብላጫ ድምፅ ያልፋሉ፣ ወዲያውም ይጸናሉ። ከ2016 ወዲህ ማንኛውም ረቂቅ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት 72 ሰዓት ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት። ሦስት ቀን ትንሽ ናት። ግን አለች።

"የደኑና የእስር ቤቱ በጀት አይገናኙም"

በጣም ይገናኛሉ። በጃንዋሪው እሳት ከ1,000 በላይ እስረኞች ቁጥቋጦ እየቆረጡ እሳቱን ሲከላከሉ ነበር። ክፍያቸው በቀን ከ5.80 እስከ 10.24 ዶላር፣ በአደጋ ጊዜ ደግሞ በሰዓት 1 ዶላር ጭማሪ ነበር። ሕይወቱን ለሚሰጥ ሰው ይህ ያሳፍራል። በኦክቶበር 2025 የተፈረመ ሕግ፣ እሳት ላይ ሲሰማሩ በሰዓት 7.25 ዶላር እንዲከፈላቸው አድርጓል። ሌላም መያያዣ አለ። የእስረኛ ቁጥር ሲቀንስ እሳት የሚከላከሉት እስረኞች የሚኖሩበት የእሳት ካምፕም ሰው ያጣል፣ ስቴቱም በምትኩ ደመወዝተኛ መቅጠር አለበት። ስለዚህ ስለ ቅጣት የሚወጣ ሕግ ዞሮ ደኑ ውስጥ ይገባል።

"የተቃጠለው ደን ሁሉ የስቴቱ ነው"

ከካሊፎርኒያ ደን 57 በመቶ ገደማው የፌዴራል መንግሥት ነው። የስቴቱና የአካባቢ መስተዳድሮች ድርሻ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

"ዜግነት ስለሌለኝ አያገባኝም"

ይህን በቡና ላይም በቤተ ክርስቲያን ደጅም እሰማዋለሁ፣ በጣምም ያሳዝነኛል። ድምፅ መስጫው ለዜጋ ነው። የስቴቱ ምክር ቤት የበጀት ንዑስ ኮሚቴዎች ስብሰባ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። የተፈጥሮ ሀብቱም የሕዝብ ደኅንነቱም እዚያ ይታያል። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ይሰለፋል፣ ስሙን ይናገራል፣ የመጣበትን ይናገራል። የዜግነት ወረቀት የሚጠይቅ የለም። መሄድ የማይችል በጽሑፍ ይልካል። ስብሰባዎቹ በብዛት የሚካሄዱት በፀደይ ነው፣ ገዥው በሜይ በጀቱን ከማስተካከሉ በፊት።