«ሃምሳ ሎሚ» የመዋጮ ማስከፈያ አይደለም

በቅርቡ ድሬዳዋ ውስጥ በተደረገ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ አዲሱ ሊቀመንበር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉና ወዲያው ያልተከፈለ የአባልነት መዋጮ ወደ መቁጠር ገቡ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከእኔ በቀር ሎሚ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን አልነበረም ማለት ነው።

እኔ ያደግሁት ኤረር፣ አያቴ ጓሮ ነው። ሎሚ እሾሃም ዛፍ ነው፤ ክንድ ሳይቧጥጥ አይለቀምም። ግን መልቀሙ ቀላሉ ነበር። ዘንቢል ውስጥ የገባ ሎሚ አርፎ አይቀመጥም፤ በተራመዱ ቁጥር ይንከባለላል፣ ሸክሙን ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ከታች ያለው ይጨፈለቅና ጭማቂው በጀርባ ይወርዳል። የተቧጠጠ ጀርባ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚለበልብ አትጠይቁኝ። አያቴ ወደ ባቡር ጣቢያው ስንወርድ ያገኘችውን ሁሉ «እንካ ልጄ»፣ «እንኪ እናቴ» እያለች አንድ አንድ ታስይዝ ነበር። እኛ ልጆቹ ኪሳራ ይመስለን ነበር። የተቀበለው ሰው ግን ሎሚውን በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ አፍንጫው ላይ ያደርጋል፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። ሰውና ዕቃ በታጨቀበት የባቡር ፉርጎ ውስጥ አንድ ሎሚ የያዘ ሰው ባለጸጋ ነበር። ጌጡ ይኸው ነው።

ብዙዎች ተረቱን ከጥምቀት የሎሚ ውርወራ ጋር ያያይዙታል። እኔ አልቀበልም። የሚወረወር ሎሚ ማን ይሸከመዋል? በእኔ እምነት የተወለደው ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሳይደርስ በፊት፣ ከሐረር ወደ ዘይላ ወደብ በሚወርደው የግመል መንገድ ላይ ነው። ሙቀቱ ጭነቱን ሳያበላሽበት ለመንገደኛው ያደለ አንድ ብልህ የቅፍለት አለቃ ይታየኛል። ስለዚህ ተረቱ የተነገረው ለአለቃው ነው፤ «ያዝኩ ብለህ አትኩራ፣ አካፍል» ለማለት።

ሊቀመንበሩ የገዛ ሙያቸውን ታሪክ ቢያስታውሱ ኖሮ ተረቱ ወደ ማን እንደሚያመለክት አይጠፋቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1844 ፊላደልፊያ ላይ 13 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኃላፊዎች ተሰብስበው፣ ሳሙኤል ውድዋርድን ፕሬዝዳንት አድርገው፣ በኋላ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሆነውን መሠረቱ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዘንቢል ለብቻቸው ተሸክመው የኖሩ ነበሩ። አያቴን የሚያስታውሰኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርን የመራው ጆርጅ ሚለር ነው። በፕሬዝዳንትነት ንግግሩ የባለሙያው ሥራ የሥነ ልቦናን እውቀት ለሚያስፈልገው ተራ ሰው ማደል እንደሆነ ተናገረ። የማኅበሩ አለቃ፣ መድረኩ ላይ ቆሞ፣ ሎሚውን ውሰዱ አለ!

በሌላው ወገን ዩየን ካሜሮን አለ። የአሜሪካን፣ የካናዳን፣ ከዚያም የዓለም የሥነ አእምሮ ማኅበርን በፕሬዝዳንትነት መርቷል። በዚያው ዘመን ሞንትሪያል ውስጥ ሕመምተኞቹን ምን እየተደረገባቸው እንደሆነ ሳያውቁ ለሳምንታት በመድኃኒት እያስተኛ፣ ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ንዝረት እየሰጠ ይሞክርባቸው ነበር። ይህን ያህል ሥልጣን አንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲከመር ከታች የሚጨፈለቀው ማን እንደሆነ እነዚያ ሕመምተኞች ያውቁታል።

አሁን ይህ ተረት የዕድር ደብዳቤ፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ማስታወቂያ፣ የሠርግ መዋጮ ጥሪ ማሟሻ ሆኗል። ከላይ «ሃምሳ ሎሚ» ይላል፣ ከታች የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። ገንዘብ ለመሰብሰብ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» መች አነሰ? «ሃምሳ ሎሚ» የሚል ሊቀመንበር ግን መጀመሪያ ዘንቢሉን ይክፈት፤ የማኅበሩ ማኅተም፣ የሥልጠና ዕድሉና የውጭ አገር ጉዞው በማን እጅ እንደተያዘ ያሳየን።