የቪክቶሪያ ዘመን ጫማ ሰሪ ቤተሰብ በሕዝብ ቆጠራ መዝገብ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (ከ1837 እስከ 1901 እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ የኖሩ አብዛኞቹ ጫማ ሰሪዎች፣ አናጺዎችና ልብስ ሰፊዎች ስለ ራሳቸው ጽፈው ያቆዩት ነገር የለም። ዛሬ ቤተሰባቸውን ለማግኘት ዋናው መንገድ በየ10 ዓመቱ የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ነው። ቆጠራው በ1801 ቢጀመርም የእያንዳንዱ ሰው ስም በመላው አገር የተመዘገበው ከ1841 ወዲህ ነው።

የ1841ዱ መዝገብ ጀማሪን ያሳስታል። ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ በአምስት በአምስት ወደ ታች እንዲጠጋጋ ታዝዞ ስለነበር፣ 35 ተብሎ የተጻፈ ጫማ ሰሪ 39 ሊሆን ይችላል። ዝምድናም አልተጻፈም፤ አብራው የምትኖረው ሴት ሚስቱ ትሁን እህቱ መዝገቡ አይናገርም። በ1851 ግን ዝምድና፣ የጋብቻ ሁኔታና የትውልድ ሰበካ ተጨመሩ። ከዚህ በኋላ የልጆቹን የትውልድ ቦታ ከታላቅ ወደ ታናሽ ማንበብ ብቻ ብዙ ያስረዳል፤ የመጀመሪያው ኖርዝሃምፕተን፣ ተከታዩ ለንደን ከተወለዱ ቤተሰቡ መቼ ከተማ እንደቀየረ በግምት ይታወቃል።

ከሁሉም የሚጣፍጠው የሙያው ዓምድ ነው። ከ1851 እስከ 1881 ሠራተኛ ያለው ባለሙያ ስንት ሰው እንደሚያሠራ ይጠየቅ ስለነበር “ጫማ ሰሪ፣ 3 ሰዎችና 1 ልጅ ያሠራል” የሚል ዓይነት መስመር ይገኛል። በቀጣዩ ቆጠራ ይኸው ሰው ብቻውን ከተገኘ ምክንያቱ ዕዳም ሕመምም ሊሆን ይችላል፤ በ1850ዎቹ ወደ ጫማ ሥራ የገባውን የስፌት ማሽንም መርሳት አይገባም። ሚስቱ የጫማውን የላይኛውን ቆዳ እየሰፋች አብራው ብትሠራ እንኳ የእሷ ዓምድ ባዶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

እስከ 1901 ድረስ ያሉት ገጾች ቆጣሪዎች ከየቤቱ ቅጽ የገለበጧቸው ናቸው፤ ቅጾቹ ራሳቸው በአብዛኛው ተወግደዋል። ስም ተዛብቶ ቢገኝ አይገርምም። ለማጣራት ከሐምሌ 1837 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ አለ፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሁለቱንም አባቶች ስምና ሙያ ይይዛል።

ወደዚህ ዘመን ለሚወርድ ፈላጊ መዝገቦቹ ከ100 ዓመት በፊት አይከፈቱም። የ1921ዱ በ2022 ተከፍቷል። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ወድሟል፤ የ1941ዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ጭራሽ አልተካሄደም። በመካከል የሚያገለግለው በ1939 ጦርነቱ እንደፈነዳ የተሰበሰበው የሕዝብ ምዝገባ ነው።