ሲትረስ ሽቶ ምንድን ነው? ለምንስ ቶሎ ይጠፋል?

መኪና ሲያቅለሸልሸው ሎሚ ወይም የብርቱካን ልጣጭ እያሸተተ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ያልወረደ የደሴ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጣጩን በጥፍር ጫን ሲሉት ብን ብሎ የሚወጣው ነገር ዘይት ነው፤ የሲትረስ ሽቶም የሚሠራው ከእሱ ነው። ሲትረስ ማለት ሎሚ፣ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ትርንጎ፣ ባጠቃላይ የእነሱ ዘር ነው። ለሽቶ የሚፈለገው ታዲያ ጭማቂው ሳይሆን ልጣጩ ነው። ሽቶ ቀማሚዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት ቤርጋሞት የሚባለው የሲትረስ ዓይነት ደግሞ በዋናነት የሚመጣው ከደቡብ ኢጣሊያ፣ ከካላብሪያ ነው።

«ሁለት ሰዓት እንኳ አልቆየም፣ ፎርጅድ ነው» የሚል ቅሬታ ሽቶ ቤት ውስጥ ሁሌም ይሰማል። ፎርጅድ ሞልቷል፣ አልክድም። ሲትረስ ግን ኦሪጅናሉም ቶሎ ይሄዳል። የልጣጩ ዘይት አብዛኛው ክፍል ሊሞኒን የሚባል ክብደቱ ቀላል የሆነ ንጥረ ነገር ነው፤ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይተናል።

ጠዋት ደሴ ፒያሳ ተቀብታችሁ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ እስቲ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሎሚው ያውዳል፤ ሹል፣ ጥርስን የሚያጠረስ፣ ትንሽ መረር ያለ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሹልነቱ ይለዝብና የብርቱካን አበባ ወይም እንደ ጠጅ ሳር ያለ የቅጠል ሽታ ይመጣል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው መንገዱ፤ ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ይወርዳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ሙቀት ደግሞ ትነትን ያፋጥናል። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሎሚው የለም፤ የቀረው ሥሩ ነው፦ ሙስክ የሚባለው ቶሎ የማይለቅ ሽታ፣ ጥድ መሰል እንጨት፣ ወይም ሰንደል። ይኼ ነው ከእናንተ ጋር የሚውለው።

ስለዚህ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትታችሁ ብቻ አትግዙ። አንጓችሁ ላይ አስነኩና ገበያችሁን ጨርሳችሁ ተመለሱ። የቀረውን ሽታ ካልወደዳችሁት፣ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ምንም ብታምር ብራችሁን አታውጡ።

ጠርሙሱ ላይ «ኮሎኝ» ከተባለ ከወትሮውም ያነሰ ጠብቁ፤ ዘይቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። ስሙ የጀርመኗ የኮሎኝ ከተማ ነው፤ ጣሊያናዊው ጆቫኒ ማሪያ ፋሪና በ1700ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሲትረስ ሽቶውን ዝነኛ ያደረገው እዚያ ነው። ሲጠፋ እንደገና እየተቀቡ ማደስ ነው እንግዲህ፤ ትንሽ ብልቃጥ ቦርሳ ውስጥ ይበቃል። ሻርፕ ላይም ከቆዳ ይልቅ ይቆያል፤ ነጭ ነጠላ ላይ ግን እኔ አልደፍርም።