የ«ዘ ስቴሽን» የምሽት ክበብ ቃጠሎና የመታሰቢያ ሥፍራው

ዘ ስቴሽን በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ በዌስት ዋርዊክ ከተማ የነበረ ከእንጨት የተሠራ የምሽት ክበብ ሲሆን፣ የካቲት 13 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2003) ምሽት በተነሣ ቃጠሎ 100 ሰዎች ሞተውበታል፤ ከ200 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ቆስለዋል። ቤቱ ቀደም ሲል ምግብ ቤትም ሆኖ አገልግሏል።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ «ግሬት ዋይት» የተባለው የሮክ ባንድ የመጀመሪያ ዘፈኑን ሲጀምር የተለኮሰው ርችት፣ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ በመድረኩ ዙሪያ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጠለው። ብዙዎች እሳቱ የትርኢቱ አካል መስሏቸው ለጥቂት ሰከንዶች ቆመው አይተውታል። ሌሎች መውጫዎች ቢኖሩም አብዛኛው ሰው ወደገባበት የፊት በር በመሮጡ ጠባቧ መተላለፊያ በወደቁ ሰዎች ተዘጋች፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላም ጥቁር ጭስ አዳራሹን ዋጠው። ይህ ሁሉ በዝርዝር ሊታወቅ የቻለው አንድ የአካባቢው ቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ እዚያው ስለነበረ ነው፤ የሄደውም፣ ከሦስት ቀን በፊት ቺካጎ ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ ሰዎች እርስ በርስ ተረጋግጠው 21 ከሞቱ በኋላ፣ ስለ ምሽት ክበቦች ደኅንነት ዘገባ ለመቅረጽ ነበር።

ርችቱ እንዲተኮስ ማን ፈቀደ በሚለው ላይ ባንዱና የክበቡ ባለቤቶች አልተስማሙም። የባንዱ የጉዞ አስተባባሪና ከሁለቱ ባለቤቶች አንዱ 15 ዓመት ተፈርዶባቸው 11ዱ በገደብ ሲታለፍ፣ ሌላው ባለቤት ከእስር ነፃ ሆኖ የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጥ ተወሰነበት፤ ይህም ብዙ የሟች ቤተሰቦችን በእጅጉ አስቆጥቷል። የፌዴራሉ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ባካሄደው ምርመራ፣ በክበቡ ያልነበረው በራሱ የሚከፈት የውሃ መርጫ ቢገጠም ኖሮ እሳቱን ሊገታው ይችል እንደነበር አሳይቷል፤ የአገሪቱ የእሳት መከላከያ ደንብም ከዚያ በኋላ ጠብቋል።

በሥፍራው መጀመሪያ የቆሙት ቤተሰቦች በእጃቸው የሠሯቸው መስቀሎች ነበሩ። መታሰቢያውን በቋሚነት ለማቆም የተነሡትም መንግሥት ሳይሆን የተረፉትና ሐዘንተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ፋውንዴሽን አቋቁመው ዓመታት ከጠበቁ በኋላ የመሬቱ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ቦታውን በስጦታ አስረከባቸው። ገንዘቡ በመዋጮ፣ ጉልበቱና ዕቃው በአመዛኙ በልግስና ተገኝቶ፣ ፓርኩ ግንቦት 13 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ተመረቀ። መግቢያው በነፋስ የሚጮኽ በገና ያለው ቅስት ሲሆን፣ ውስጡ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ጥቁር የግራናይት ድንጋይ ቆሞለታል።