የስልክ ስክሪንን በቴሌቪዥን ማሳየት

የስልክን ስክሪን በቴሌቪዥን ማሳየት ማለት በስልኩ ላይ የሚታየውን ምስልና የሚሰማውን ድምፅ በኬብል ወይም ያለ ኬብል ወደ ትልቁ ስክሪን ማሻገር ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ግን በአሠራራቸው የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ማንጸባረቅና ካስት ማድረግ። ተጠቃሚውን የሚያማርረው አብዛኛው ችግር፣ የኢንተርኔት ፓኬጅ ሳይታሰብ ማለቁም ጭምር፣ ሁለቱን ካለመለየት የሚመጣ ነው።

በማንጸባረቅ ጊዜ ሥራው ሁሉ የሚወድቀው በስልኩ ላይ ነው። ስልኩ በስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል በየቅጽበቱ እየቀረጸ፣ እያመቀና በዋይፋይ ሞገድ እየላከ ይቀጥላል፤ ቴሌቪዥኑ የደረሰውን ከማሳየት በቀር ሌላ ሚና የለውም። ስለዚህ የስልኩ ስክሪን ከጠፋ በቴሌቪዥኑ ላይ ያለውም ምስል ይቋረጣል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ስልኩም ይሞቃል። በጣት ሲነካና በቴሌቪዥኑ ላይ ሲታይ መካከል ትንሽ መዘግየት ስለሚኖር ፈጣን ጨዋታዎችን በዚህ መንገድ መጫወት ያስቸግራል። ሆኖም ትልቅ ጥቅም አለው፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ማይራካስት በሚባለው ስልት ስልኩና ቴሌቪዥኑ ራውተር ሳይኖር በቀጥታ ይገናኛሉ። ፊልሙ በስልኩ ሜሞሪ ላይ ካለ ዳታ ተዘግቶም ይታያል። በየዕለቱ ፓኬጅ እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህን ማወቅ ገንዘብ ነው።

ካስት ሲደረግ ግን ስልኩ ቪዲዮውን አይልክም። ለቴሌቪዥኑ የሚነግረው ቪዲዮው የት እንደሚገኝ ብቻ ሲሆን፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ከኢንተርኔት ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ ስልኩ እንደ ሪሞት ያገለግላል፤ ስክሪኑን ማጥፋት፣ ስልክ መደወል፣ ሌላ ሥራ መሥራት ይቻላል። ምስሉም ከተንጸባረቀው የጠራ ይሆናል። የቤት ዋይፋይ ላለው ሰው ፊልም ለማየት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ቴሌቪዥኑ የሚገናኘው በስልክ ሆትስፖት ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዩቲዩብ በሞባይል ዳታ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ጥራቱን ይቀንሳል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ሆትስፖቱን እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ስለሚቆጥረው ለትልቅ ስክሪን የሚሆን ከፍተኛ ጥራት ይመርጣል። ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ እንደሚያሳውቀው በኤችዲ ጥራት የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በሆትስፖት የሚያይ ሰው በቴሌቪዥኑ ላይ ባለው መተግበሪያ ውስጥ ገብቶ ጥራቱን በእጁ ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል።

ነገሩ የጀመረው በኬብል ነው። በ2007 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ኖኪያ ኤን95 የተባለ ስልክ ክቡን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በመጠቀም፣ ጫፉ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ በሆነ ኬብል ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኝ ነበር። በ2010 የአይፎን አምራች አፕል ያለ ኬብል የሚሠራውን የራሱን ስልት፣ ኤርፕሌይን አስተዋወቀ። በ2012 የዋይፋይ አምራቾች ኅብረት ማይራካስትን አወጣ፤ በዚያው ዓመት አንድሮይድ 4.2 ይህንኑ ስልት ይዞ መጣ። በ2013 ደግሞ ጉግል በ35 ዶላር የሚሸጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚሰካ ክሮምካስት የተባለ ትንሽ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ ካስት ማድረግን በሰፊው ያስለመደው እርሱ ነው። መሣሪያውን ማምረት በ2024 ቢቆምም አሠራሩ በብዙ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ተገጥሞ ቀጥሏል።

የሚያሳዝነው ኩባንያዎቹ በአንድ ስልት አለመስማማታቸው ነው። አይፎን ማይራካስትን አያውቅም። ኤርፕሌይ በሳምሰንግና በኤልጂ ቴሌቪዥኖች ውስጥ መገጠም የጀመረው በ2019 ሲሆን፣ ኔትፍሊክስ ደግሞ በዚያው ዓመት ኤርፕሌይን መደገፍ አቆመ። ጉግልም ቢሆን በራሱ ፒክስል ስልኮች ላይ ማይራካስትን ትቶታል። ማንጸባረቅ ራሱ በሳምሰንግ ስልክ ላይ «ስማርት ቪው» ሲባል በሌሎች ስልኮች ላይ «ካስት» ወይም «ዋየርለስ ዲስፕሌይ» ይባላል። አዲስ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ከስክሪኑ ስፋት በፊት ቤተሰቡ የያዘውን የስልክ ዓይነት አስቦ ሻጩን መጠየቅ አለበት፤ ከተቻለም እዚያው ሱቁ ውስጥ በራሱ ስልክ ቢሞክረው ይሻላል።

ኬብል አሁንም ክብር ይገባዋል። አይዘገይም፣ ዋይፋይ አይፈልግም፣ በሌላ ሞገድ አይረበሽም። ችግሩ ያለው ቀዳዳው ላይ ነው። ዩኤስቢ ሲ የሚባለው ሞላላ ቀዳዳ በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ቢመስልም ምስል የሚያወጣው በአንዳንዱ ብቻ ነው። የሳምሰንግ ኤስ ተከታታይ ስልኮች ከ2017ቱ ኤስ8 ጀምሮ፣ አይፎን ደግሞ ከ2023ቱ አይፎን 15 ጀምሮ በዚህ ቀዳዳ ምስል ያወጣሉ። ርካሽ ስልኮች ግን በአብዛኛው ቻርጅ ከማድረግና ፋይል ከማስተላለፍ አያልፉም። ስልኩ ምስል የማያወጣ ከሆነ ወደ ኤችዲኤምአይ (ወደ ቴሌቪዥኑ የምስልና የድምፅ ኬብል) የሚቀይረው ተራ ማገናኛ ምንም ዋጋ የለውም፤ ሳይጠይቁ ገዝተው የሚያዝኑ ሰዎች ብዙ ናቸው። የቻርጀሩን ገመድ በቴሌቪዥኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ መሰካትም የስልኩን ስክሪን አያሳይም፤ ቢበዛ ቴሌቪዥኑ በስልኩ ውስጥ ያሉ ፎቶዎችንና ቪዲዮዎችን እንደ ፍላሽ ሊያነባቸው ይችላል።

ሁሉም ነገር ተገናኝቶ ድምፅ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ቢሆን ስልኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የፊልም መተግበሪያዎች ቅጂን ለመከላከል፣ የባንክ መተግበሪያዎች ደግሞ የደንበኛውን ምስጢር ለመጠበቅ ስክሪናቸው እንዳይንጸባረቅ ሆን ብለው ይዘጉታል። በሆቴል ዋይፋይ ላይ ቴሌቪዥኑ ከስልኩ ዝርዝር ውስጥ የማይገኘውም ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ የጥንቃቄ ምክንያት ነው፤ ሆቴሉ የአንዱ እንግዳ ስልክ የሌላውን መሣሪያ እንዳያይ ለይቶ ያስቀምጣል።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ከፊልም በላይ ነው። መምህር በስልኩ ያለውን የትምህርት ጽሑፍ ፕሮጀክተር ሳይኖር ለክፍሉ ያሳያል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በቪዲዮ የሚደውል ልጅ ዓይናቸው ለደከመ እናትና አባት በትልቁ ስክሪን ይታያል፤ ለእኔ ከጥቅሞቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ካሜራውና ማይክሮፎኑ የስልኩ መሆናቸው መረሳት የለበትም። ስልኩ በቴሌቪዥኑ አጠገብ ተደግፎ ወደ ሰዎቹ ቢዞር ደዋዩ የሁሉንም ፊት ያያል፤ ድምፁ በእጥፍ የሚመለስ ከሆነም የቴሌቪዥኑን ድምፅ መቀነስ ይበቃል።

ስክሪን ሲንጸባረቅ የሚመጣው መልእክትም አብሮ ይንጸባረቃል፦ የባንክ ሂሳብ፣ የቴሌብር ማረጋገጫ፣ የግል ደብዳቤ። እንግዶች ባሉበት ከመጀመር በፊት የመልእክት ማሳወቂያዎችን መዝጋት ይገባል። በአፓርታማና በኮንዶሚኒየም ደግሞ የጎረቤት ቴሌቪዥን በስልኩ ዝርዝር ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ ለራስ ቴሌቪዥን የሚለይ ስም መስጠትና አዲስ ስልክ ሲገናኝ የምስጢር ቁጥር እንዲጠይቅ ማድረግ አስፈላጊ ነው፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ይገኛሉ።