ኤኬኬይሪያ ምንድን ነው? የጥንቷ ኦሎምፒያ የጦር ፋታ

ኦሎምፒክ በመጣ ቁጥር «ጥንታውያን ግሪኮች ለውድድሩ ሲሉ ጦርነት ያቆሙ ነበር» ሲባል እንሰማለን። መስማቱ ደስ ቢልም እንደዚያ አልነበረም። አቴናና ስፓርታ ከክርስቶስ ልደት በፊት (ቅ.ል.ክ.) ከ431 እስከ 404 ሲዋጉ የኦሎምፒያ ውድድር በየአራት ዓመቱ ይካሄድ ነበር፤ ጦርነቱም በዚያ ምክንያት አልቆመም። ኤኬኬይሪያ የሚባለው ሥርዓት ከዚህ በጣም የጠበበ ነገር ነው። እንደኔ እምነት፣ ያን ያህል ዘመን የዘለቀው ጠባብ ስለነበረ ነው።

ኤኬኬይሪያ በበዓሉ ሰሞን ሁለት ነገር የሚከለክል ሃይማኖታዊ አዋጅ ነበር። አንደኛ፣ ወደ ኦሎምፒያ የሚሄድና ከዚያ የሚመለስ ሰው፣ ተወዳዳሪም ይሁን ተሳላሚ ወይም ነጋዴ፣ በማንም አገር ሲያልፍ እንዳይነካ ይከለክላል። ሁለተኛ፣ በዓሉን የምታዘጋጀው የኤሊስ ከተማ ግዛት በጦር እንዳይደፈር ይከለክላል። ከዚህ ውጭ የሚዋጋው ይዋጋል።

አዋጁ ሃይማኖታዊ የሆነው በዓሉ የግሪኮች ዋና አምላክ የዜውስ ስለነበር ነው። ስፖርቱ በበዓሉ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነበር። ተወዳዳሪዎቹ፣ አባቶቻቸው፣ ወንድሞቻቸውና አሠልጣኞቻቸው በዜውስ ሐውልት ፊት ቆመው፣ በታረደ ከርከሮ ሥጋ ላይ እንዳያጭበረብሩ ይምላሉ። ተወዳዳሪዎቹ አሥር ወር ሙሉ በልምምድ መቆየታቸውንም በመሐላ ያረጋግጣሉ። የበዓሉ ትልቁ ሰዓት መቶ በሬ ለዜውስ የሚሠዋበት ነው። መሠዊያው ከድንጋይ የተሠራ አልነበረም፤ የመሥዋዕቱ አመድ ለዘመናት ሲከመር የቆመ ጉብታ ነበር፤ ቁመቱ ከስድስት ሜትር ያልፍ ነበር። አሸናፊው የሚሸለመው የወይራ አክሊል ከዚያው ከተቀደሰው ቅጥር ውስጥ ካለ ዛፍ ይቆረጣል። እንግዲህ ወደዚያ የሚሄድን ሰው መንገድ ላይ መዝረፍ በዜውስ ላይ እጅ ማንሣት ነበር።

አዋጁን የሚያስነግሩት የኤሊስ ሰዎች ናቸው። ስፖንዶፎሮይ የሚባሉ መልእክተኞቻቸው ከከተማ ከተማ እየዞሩ የበዓሉ ጊዜ መድረሱን ያውጃሉ። ፋታው መጀመሪያ አንድ ወር ነበር፤ ኋላ ተራዘመ፤ ምክንያቱም ግሪኮች ከሲሲሊ እስከ ጥቁር ባሕር ዳርቻ ተበትነው ይኖሩ ስለነበር ደርሶ መመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ግሪክ ራሷም ያኔ አንድ አገር አልነበረችም። ከሰሜን የሚመጣ ሯጭ ኦሎምፒያ እስኪደርስ የብዙ ከተሞችን ድንበር ማለፍ አለበት፤ ከነዚያ አንዷ የከተማው ጠላት ልትሆን ትችላለች።

ሥርዓቱን የጀመረው የኤሊስ ንጉሥ ኢፊቶስ ከስፓርታው ሊኩርጎስ ጋር ተስማምቶ ነው ይላል የግሪኮች ትውፊት። የስምምነቱ ቃል የተጻፈበት የነሐስ ዲስክ በኦሎምፒያ በሄራ ቤተ መቅደስ ይቀመጥ ነበር።

ይህን አዋጅ የጣሰ ሰው ምን ይገጥመዋል? በ420 ቅ.ል.ክ. የሆነውን የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ በዝርዝር መዝግቦታል። ስፓርታ በፋታው ወቅት አንድ ሺህ ወታደር ሌፕሬዎን ወደምትባል፣ ኤሊስ የእኔ ናት ወደምትላት ከተማ ላከች ተብላ ተከሰሰች። ሕጉ ለአንድ ወታደር ሁለት ምና (የግሪኮች የገንዘብ መለኪያ) ስለሚል ቅጣቱ 2,000 ምና ሆነ፤ 200,000 ድራክማ ማለት ነው። በዚያ ዘመን አቴና አንድ ባለሙያ በቀን የሚያገኘው አንድ ድራክማ ገደማ ነበር። ስፓርታ «ወታደሮቹን ስንልክ አዋጁ ገና አልደረሰንም» ብላ ተከራከረች። ኤሊስ ደግሞ «እኛ ዘንድ ታውጇል፤ ስንዘናጋ ነው የመጣችሁብን» አለች። ስፓርታ መልሳ «በደልን ብላችሁ ካመናችሁ፣ ታዲያ ከዚያ በኋላ አዋጁን ለምን ላካችሁልን?» ስትል ጠየቀች። ጠንካራ ክርክር ነው። ኤሊስ ከተማይቱን መልሱልን፣ ከቅጣቱ የእኛን ድርሻ ትተን የአምላኩን ድርሻ እኛው እንከፍላለን አለች፤ ስፓርታ እንቢ አለች። ቢያንስ ወደፊት እንደምትከፍሉ በግሪኮች ሁሉ ፊት በዜውስ መሠዊያ ማሉ ተባሉ፤ ይህንንም እንቢ አሉ።

በዚህ ጊዜ የግሪክ ኃያል ጦር ያላት ስፓርታ ከቤተ መቅደሱ፣ ከመሥዋዕቱና ከውድድሩ ታገደች። የኤሊስ ወጣቶች መሣሪያ ይዘው ጥበቃ ቆሙ፤ ከአርጎስና ከማንቲኔያ ሺህ ሺህ ሰው፣ ከአቴናም ፈረሰኛ መጣላቸው። ሊካስ የተባለ ስፓርታዊ ባለጸጋ ግን የሠረገላ ፈረሶቹን በቦዮቲያ ሕዝብ ስም አስመዝግቦ አወዳደረ፤ አሸነፈም። አሸናፊነቱ ለቦዮቲያ ሲታወጅ አላስቻለውም፤ ሠረገላው የእሱ መሆኑን ሊያሳይ ወጥቶ የነጂውን ራስ በጥብጣብ አሰረ። ዳኞቹ እዚያው በሰው ሁሉ ፊት በዱላ መቱት። ሁሉም የስፓርታን ጦር ፈርቶ ጠበቀ፤ ያን በዓል ግን ስፓርታ ዝም ብላ አሳለፈች። ሃያ ዓመት ያህል ቆይታ ኤሊስን ስትወርር ይህ እገዳ ከቂሟ አንዱ ነበር።

የሥርዓቱ ድክመት ደግሞ በ364 ቅ.ል.ክ. ታየ። የኤሊስ ጎረቤቶች አርካድያውያን ኦሎምፒያን ከኤሊስ ነጥቀው በዓሉን በአቅራቢያው ካለችው ከፒሳ ሰዎች ጋር ሆነው አዘጋጁ። የፈረስ ውድድሩ አልቆ፣ በአምስት ስፖርት በአንድነት የሚወዳደሩት (ፔንታትሎን) ትግል ላይ እያሉ የኤሊስ ጦር ደረሰ። ውጊያው የተቀደሰው ቅጥር ውስጥ ገባ፤ ከሕንፃዎቹና ከዜውስ ቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ ድንጋይና ጦር ይወረወር ጀመር። አርካድያውያን ሌሊቱን የበዓሉን ዳሶች አፍርሰው ምሽግ ሲሠሩ አደሩ። የሚያሳዝነው፣ በአምላኩ ቅጥር ጦር ይዛ የገባችው የፋታው ባለአደራ ኤሊስ ራሷ መሆኗ ነው። በኋላም ያን ዓመት ከኦሎምፒያዶች ቁጥር ሰረዘችው።

ፋታው ሁሉንም አላስቆመም ስንል ግን ሥራውን ማሳነስ አይገባም። በ776 ቅ.ል.ክ. ተጀመረ ከሚባለው ከመጀመሪያው ኦሎምፒያድ አንሥቶ በዓሉ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን እርስ በርሳቸው የሚጋደሉ ከተሞች ሰዎች እዚያው ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር። የመቄዶንያው ፊልጶስ ወታደሮች ፍሪኖን የተባለ አቴናዊን በፋታው ወቅት ሲዘርፉት፣ ንጉሡ ገንዘቡን ሊመልስለት ግድ ሆኗል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን ልማድ ሲያድስ ግን ከጥንቱ በጣም ሰፋ አድርጎታል፦ ኦሎምፒክ ከመጀመሩ ሰባት ቀን በፊት ጀምሮ ካለቀ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ አገሮች ሁሉ ጦርነት እንዲያቆሙ ይጠይቃል፤ ኋላም የአካል ጉዳተኞች ውድድር የሆነው ፓራሊምፒክ ተጨመረበት። የሚያስገድድ ሕግ ግን አይደለም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2022 ዩክሬንን የወረረችው የቤጂንግ የክረምት ኦሎምፒክ በተዘጋ በአራተኛው ቀን፣ ፋታው ሳያልቅ ነው። ከሳምንት በኋላ የፓራሊምፒክ ኮሚቴው የሩሲያንና የቤላሩስን ስፖርተኞች ከውድድሩ አገደ።