አያቴና የመድሃኒት ፌስታሏ፦ ሰው ሚለውና እውነታው

እኛ ጎጃም ሽማግሌ ያለበት ቤት ስትገቡ ራስጌ ላይ መድሃኒት የታጨቀበት ፌስታል አይጠፋም። ፍኖተ ሰላም ያለችው አያቴ ፌስታል ውስጥ ባለፈው 7 አይነት ቆጠርኩ፣ ከ3 ቦታ የታዘዘ። ከዛ ወዲህ ሰው ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ይሄ ነው።

«ብዙ ያዘዘ ሐኪም ጎበዝ ነው፣ ባዶ እጅ የሸኘ ግን አላየኝም»። እንደዛ አይደለም። እድሜ ሲገፋ ኩላሊት መድሃኒት የማስወጣት አቅሙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለጎረምሳ ልክ የሆነ ዶዝ ለ75 አመት ሰው ሊበዛ ይችላል፣ አይነቱ ሲበዛ ደግሞ እርስበርስ ይጋጫል። አሜሪካኖች ለአዛውንት ባይሰጡ ሚሻሉ መድሃኒቶችን ዝርዝር በ1991 እ.ኤ.አ. አውጥተው እስካሁን ያድሱታል፣ ቢርስ ይባላል።

«እግሯ ያበጠው እርጅና ነው»። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ለግፊት አምሎዲፒን ተጀመረላት፣ እግሯ አበጠ፣ ሌላ ክሊኒክ ሄደች፣ ምን እየወሰድሽ ነው ብሎ የጠየቃት የለም፣ ሽንት ሚያበዛው ላሲክስ ታዘዘላት፣ እሱ ደግሞ ሌሊት ለሽንት ያመላልሳታል፣ ስትነሳ ያዞራታል፣ አንድ ሌሊት ደጅ እንደወጣች ወደቀች። አምሎዲፒን እግር እንደሚያሳብጥ እኮ የታወቀ ነው፣ እሱን መቀነስ ወይ መቀየር ሲቻል በላዩ ሌላ ተደረበ። ሽማግሌ ላይ አዲስ ነገር ሲታይ «እማማ፣ በቅርብ የጀመሩት መድሃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቅደም።

«ዲክሎ ምን ታረጋለች፣ የወገብ ማስታገሻ ናት»። ዲክሎፌናክን ነው። ጨጓራ ታደማለች፣ ግፊት ትጨምራለች፣ የግፊቱን ኢናላፕሪልና ላሲክስ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ኩላሊቱን ልትጎዳው ትችላለች።

ለስኳር ሚሰጠው ግሊቤንክላሚድም ከ60 አመት በላይ ላለ ሰው እንደማይሆን የአለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ላይ ተጽፏል፣ ስኳሩን ከልክ በላይ ያወርደዋል። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ ሚውሉ እናቶቻችንን አስቡ። ዲያዜፓምም እንቅልፍ ይሰጣል ተብሎ ለአመታት ይወሰዳል፣ ሲያደነዝዝና ሲጥል ግን «ጃጀ» ነው ሚባለው።

«እንግዲያው ሁሉንም ላቁመው»። በፍጹም! ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ባንዴ ካቆመ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፣ የልብ መድሃኒት እነ አቴኖሎልም ድንገት አይቆሙም፣ በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው ሚቀነሰው። እኛ ፌስታሉን እንዳለ ይዘን ሄድን፣ ከጎረቤት የተዋሰቻትን ኪኒን ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው፣ ዶክተሩ አንድ በአንድ «ይሄ ለምንድነው?» እያለ ሲጠይቃት ለ2ቱ መልስ አልነበራትም፣ እኛም አልነበረንም።